የአምቦን ዕፀዋት መጽሐፍና ባለቤቶቹ

በቃል ሲተላለፍ የኖረ የዕፀዋት ዕውቀት በጽሑፍ ሲሰፍር ደራሲው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ዛሬ በኢንዶኔዥያ ውስጥ በምትገኘው በአምቦን ደሴት በተዘጋጀው «የአምቦን ዕፀዋት» መጽሐፍ አማካይነት ለመመርመር እሞክራለሁ።

ጸሐፊው ሩምፊዩስ የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረ ጀርመናዊ ነው። ሥራውን በላቲን ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1670 ዓይኑ ሲጠፋ በደችኛ እያስጻፈ ቀጠለ። በ1674 ዕፀዋት በመፈለግ ትረዳው የነበረችው ሚስቱ ሱዛና በምድር መንቀጥቀጥ ሞተች፤ በ1687 ቃጠሎ ሥዕሎቹን አወደመ፤ በ1692 ወደ አውሮፓ የተላከው ጽሑፍ ከነመርከቡ ሰጠመ። ሌላ ቅጂ በመኖሩ ግን ሥራው ተረፈ። የታተመውም ደራሲው በ1702 ካረፈ በኋላ፣ ከ1741 እስከ 1750 ባሉት ዓመታት ነው።

ይዘቱ የደሴቲቱ ሕዝብ ኑሮ ነው። የሳጎ ዛፍ ግንዱ ተፍቆና ታጥቦ ዱቄቱ ይበላል፤ ቅጠሉ የቤት ክዳን ይሆናል። እኛ በቅመምነትና በጥርስ ሕመም ማስታገሻነት የምናውቀው ቅርንፉድም የማሉኩ ደሴቶች ተወላጅ ነው። ሩምፊዩስ የዕፀዋቱን ስም በማላይኛና በአምቦን ቋንቋ ጭምር መዝግቧል፤ አንዱን ነጭ አበባም በሱዛና ስም ሰይሞታል።

በሽፋኑ ላይ የሰፈረው ስም የአንድ ሰው ነው። በእኔ አመለካከት ግን በየገጹ የተበተኑት የአገሬው ስሞች ዕውቀቱን በቃል የሰጡት ሰዎች ፊርማ ናቸው። የጽሑፍ ታሪክ አጥኚ ሽፋኑን ብቻ ሳይሆን እነሱንም ማንበብ ይኖርበታል።