ብቻዋን የተረፈችው ሄሊኮፕተር

የዛሬው የታሪክ ትምህርታችን ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦር አዛዥ አይደለም። ስለ አንዲት ሄሊኮፕተር ነው። «ደግሞ ሄሊኮፕተር ታሪክ አላት እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አላት። ሰው ሠርቶ የተገለገለበት ዕቃ ሁሉ ታሪክ አለው። ወፍጮም፣ ድልድይም፣ የአያት ጋሻም ታሪክ አላቸው። ልዩነቱ የአንዳንዱ ይጻፋል፤ የአንዳንዱ ሳይጻፍ ይረሳል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር የሆነ ቀን ሲኖር ለይተን እንናገራለን።

ቺኑክ ምን ዓይነት ናት?

ሄሊኮፕተር እንደ አውሮፕላን መንደርደሪያ ሜዳ አትፈልግም። ካለችበት ቀጥ ብላ ትነሣለች፤ ቀጥ ብላ ታርፋለች። ብዙዎቹ ሄሊኮፕተሮች አናታቸው ላይ አንድ ትልቅ የሚሽከረከር ክንፍ፣ ጭራቸው ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ክንፍ አላቸው። የትንሹ ሥራ ምንድነው? ትልቁ ክንፍ ወደ አንድ ወገን ሲዞር፣ የሄሊኮፕተሯ አካል ወደ ሌላው ወገን እንዳይሽከረከር መያዝ ነው።

ቺኑክ የምትባለው ሄሊኮፕተር ግን ሁለት ትልልቅ ክንፎች አሏት። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ነው። አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። አንዱ የሌላውን ግፊት ስለሚያጠፋው የጭራ ክንፍ አያስፈልጋትም። ጉልበቷ ሁሉ ለጭነት ይውላል። 10 ቶን ያህል፣ ማለትም 100 ኩንታል ገደማ ልትሸከም ትችላለች። የምትሠራው አሜሪካ ውስጥ በቦይንግ ኩባንያ ነው።

የእንግሊዝ አየር ኃይል በ1980ዎቹ መጀመሪያ እነዚህን ሄሊኮፕተሮች ገዝቶ ሥራ ላይ አዋለ። እያንዳንዷ ለመለያ ሁለት ፊደል ተጻፈባት። የዛሬዋ ባለታሪካችን የደረሷት ፊደሎች «ቢ» እና «ኤን» ናቸው። አብራሪዎች በሬዲዮ ሲነጋገሩ ፊደል ከፊደል እንዳይምታታባቸው ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቃል ይሰጡታል። ለ«ቢ» ብራቮ፣ ለ«ኤን» ኖቬምበር ይላሉ። ስለዚህ ስሟ «ብራቮ ኖቬምበር» ሆነ። እንግዲህ ሁለት ፊደል ብቻ ስም ሆኖ ሲቀር አያችሁ?

መርከቢቱ ስትቃጠል

በደቡብ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ፎክላንድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። አርጀንቲናዎች ማልቪናስ ይሏቸዋል። ደሴቶቹን ያስተዳድር የነበረው እንግሊዝ ነው፤ አርጀንቲና ደግሞ የእኔ ናቸው ትላለች። ሚያዝያ 2 ቀን 1982 የአርጀንቲና ጦር ደሴቶቹን ያዘ። እንግሊዝም 13,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት አቋርጦ የሚሄድ የጦር መርከቦች ጓድ ላከ።

ሄሊኮፕተሮቹ የተጫኑት አትላንቲክ ኮንቬየር በተባለች የንግድ መርከብ ላይ ነበር። ግንቦት 25 ቀን 1982፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 17 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ከአርጀንቲና አውሮፕላኖች የተተኮሰ ሚሳይል መርከቢቱን መታት። እሳት ተነሣ። 12 ሰዎች ሞቱ፤ የመርከቢቱ ካፒቴንም ከነሱ አንዱ ነበር። ሦስት ቺኑኮችና ሌሎች ሄሊኮፕተሮችም ከመርከቢቱ ጋር ነደዱ።

ብራቮ ኖቬምበር በዚያች ሰዓት በአየር ላይ ነበረች። ማረፊያዋ ሲቃጠል እሷ ኸርሚስ በተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ የጦር መርከብ ላይ አረፈች። እንዲህ ሆና ብቻዋን ተረፈች።

ያለ መሣሪያ፣ ያለ መመሪያ

መትረፏ ደግ ነበር። ነገር ግን ካቻቢቴው፣ መፍቻው፣ መለዋወጫው፣ ዘይቱና ግራሶው ሁሉ ከመርከቢቱ ጋር ቀርቷል። የጥገና መመሪያው መጽሐፍም እንደዚሁ። የጥገና መመሪያ ማለት የትኛው ብሎን የት እንደሚገባ፣ የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚለወጥ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ሲጠፋ መካኒኮቹ የቀራቸው ቀድሞ አንብበውና ሠርተው በአእምሯቸው የያዙት ብቻ ነው። በዚያው አነሷት።

ሌሎቹ ቺኑኮች መጥፋታቸው በእግረኛው ወታደር ላይ ወደቀ። በሄሊኮፕተር ይጓጓዛል የተባለው ወታደር ከ30 ኪሎ በላይ እየተሸከመ በእግሩ ተጓዘ። ከማረፊያው ወደብ እስከ ዋናው ከተማ እስከ ስታንሊ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ናዝሬት ሊደርስ ትንሽ የቀረው ሰው እንደማለት ነው። መሬቱ ረግረግ፣ ወቅቱም ክረምት መግቢያ ነበር። እዚያ ግንቦትና ሰኔ ብርድና በረዶ ነው።

ግንቦት 30 ሌሊት ብራቮ ኖቬምበር ወታደሮችንና ሦስት መድፎችን ወደ ኬንት ተራራ ወሰደች። ሁለቱን መድፎች በሆዷ፣ አንዱን በገመድ አንጠልጥላ ነበር። አብራሪው ሻለቃ ዲክ ላንግዎርዚ ይባላል። ጭነቱን አራግፈው ሲመለሱ በረዶ ጣለባቸው። ከፍታቸውን በትክክል ማወቅ አልቻሉም። ሄሊኮፕተሯ በፍጥነት እየበረረች ውሃ ላይ ወደቀች። ውሃው ወደ ሞተሮቹ ተረጨ። የረዳት አብራሪው በር ተገንጥሎ ሄደ። በቃ፣ አለቀ በተባለበት ሰዓት ግን አብራሪዎቹ መሪውን ስበው ከውሃው ላይ እንደገና አነሷት። ላንግዎርዚ በዚህ ጊዜ ላሳየው ብርታት ለጀግና አብራሪዎች የሚሰጠውን የበረራ መስቀል ኒሻን ተሸለመ።

ከሦስት ቀን በኋላም፣ ሰኔ 2 ቀን፣ በአንድ ጉዞ 81 ወታደሮችን አሳፈረች። መቀመጫዋ የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ቆመው፣ ተጠጋግተው፣ እንደ እንጨት ተደርድረው ሄዱ።

ጦርነቱ ሰኔ 14 ቀን 1982 አበቃ። በነዚያ ሳምንታት ብራቮ ኖቬምበር ወደ 1,500 ወታደሮች፣ 650 ምርኮኞች፣ 95 ቁስለኞችና 550 ቶን ጭነት ማጓጓዟ ተመዝግቧል። 550 ቶን ማለት 5,500 ኩንታል ነው።

አንድ ሌላ ቁጥርም መነገር አለበት። በጦርነቱ 649 አርጀንቲናዎች፣ 255 እንግሊዞችና 3 የደሴቱ ነዋሪዎች ሞተዋል። ሄሊኮፕተሯ መድፍም ተሸክማለች፤ ቁስለኛም ተሸክማለች። ብረት አይመርጥም፤ የሚመርጠው ሰው ነው።

ሦስት ሌሎች አብራሪዎች

ከዚያ ወዲህ ብራቮ ኖቬምበር ብዙ አገር ዞረች። በ2003 የኢራቅ ጦርነት ሲጀመር፣ የእንግሊዝ ባሕረኛ ወታደሮችን ፋው በሚባለው የባሕር ዳርቻ በሌሊት ያወረደች የመጀመሪያዋ ሄሊኮፕተር እሷ ነበረች። አብራሪዋ ሻለቃ ስቲቭ ካር ነበር። በ2006 ደግሞ አፍጋኒስታን ውስጥ፣ በሄልማንድ ክፍለ ሀገር፣ ሻምበል ክሬይግ ዊልሰን በጨለማ እየበረረ ከውጊያ መሐል ቁስለኛ አወጣባት።

በጥር 2010 የሆነውን ልብ ብላችሁ ስሙ። ሻምበል ኢያን ፎርቹን በዚያው በሄልማንድ ቁስለኞችን አሳፍሮ ሲነሣ ተኩስ ተከፈተበት። አንዲት ጥይት የራስ ቁሩን መታችው፤ ፊቱም ቆሰለ። ደሙ ዓይኑ ላይ ይፈስ ነበር። ሄሊኮፕተሯም ተመትታ እንደ ልብ አልታዘዝ ብላ ነበር። እሱ ግን መሪውን አልለቀቀም። ስምንት ደቂቃ ያህል በርሮ ቁስለኞቹን ሆስፒታል ወዳለበት ጦር ሰፈር አደረሰ።

ሦስቱም እንደ ላንግዎርዚ ያንኑ የመስቀል ኒሻን ተሸለሙ። በ28 ዓመት ውስጥ አራት አብራሪዎች፣ በአንዲት ሄሊኮፕተር፣ አንድ ዓይነት ኒሻን አገኙ ማለት ነው።

ያችው ናት ወይስ ሌላ?

ታዲያ ብረት እስከዚህ ድረስ እንዴት ይቆያል? ብራቮ ኖቬምበር ስታረጅ ታድሳ ነበር። ብዙ ዕቃዋ በአዲስ ተተክቷል። «እንግዲያውስ ያችው ሄሊኮፕተር ናት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። የአያቶቻችንን ጎጆ እናስብ። ሣሩ ይለወጣል፤ ማገሩም ሲበሰብስ ይለወጣል። ሆኖም «ያ የአያቴ ቤት ነው» እንላለን። ሄሊኮፕተርም እንደዚሁ ናት። የበረረችው ሰዓት፣ የተለወጠው ዕቃ፣ የታየው ብልሽት ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል። የነገው መካኒክ የዛሬውን ጽሑፍ አንብቦ ይጠግናታል። አብራሪውም ያንን ጽሑፍ አምኖ ነፍሱን ይሰጣታል። ያለ ጽሑፍና ያለ አንባቢ እንዲህ ያለ መሣሪያ ብዙ አይቆይም።

በ2022 ብራቮ ኖቬምበር ጡረታ ወጣች። እንግሊዝ አገር ኮስፎርድ በሚባል ቦታ፣ በአየር ኃይሉ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች። ልጆች ገብተው ያይዋታል። እነዚያ 12 መርከበኞች ግን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። እሷን ያየ ሁሉ እነሱንም ማስታወስ ይገባዋል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ያነበባችሁትን ላላነበቡት አጫውቱ። ደህና እደሩ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ቺኑክ የጭራ ክንፍ የማያስፈልጋት ለምንድነው?
2. «ብራቮ ኖቬምበር» የሚለው ስም ከየትኞቹ ፊደሎች መጣ?
3. የጥገና መመሪያው ሲጠፋ መካኒኮቹ ምን ቀራቸው?
4. በቤታችሁ ያለ አንድ አሮጌ ዕቃ አስቡ። ማን ሠራው? ማን ተገለገለበት? በአምስት መስመር ታሪኩን ጻፉ።