ቅኔ ዘረፋና የአንድ ባዕድ ቃል ትርጉም

ተዋናይ ከተጻፈለት ቃለ ተውኔት ወጥቶ በመድረክ ላይ ሲናገር ወይም ሙዚቀኛ ኖታውን ትቶ ወዲያው በመነጨለት ዜማ ሲጫወት፣ እንግሊዝኛ ድርጊቱን «ኢምፕሮቫይዝ» ማድረግ ይለዋል። ቃሉ ከላቲን መንጭቶ በኢጣልያንኛና በፈረንሳይኛ በኩል በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ ሥሩ «አስቀድሞ ያልታየ» ማለት ነው። በኢጣልያም በተሰጣቸው ርእስ ላይ እዚያው ግጥም የሚያወርዱ ባለሙያዎች በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። የዚህ ቃል ጎረቤት የሆነው «ኢምፕሮምፕቱ» ግን ሥሩ ሌላ ነው፤ በላቲን «በእጅ ያለ፣ ዝግጁ የሆነ» ማለት ነው። አንዱ ቃል ነገሩ አለመታየቱን ሲናገር፣ ሌላው ዝግጁነቱን ይመሰክራል።

ቃሉን «ያለ ዝግጅት መሥራት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ጥበቡን በግማሽ ያስቀረዋል። ቃለ ተውኔቱን ያላጠና ተዋናይም ስንፍናውን የሚሸፍንበት ጥሩ መጠለያ ያገኛል። አገሩ ግን ለጥበቡ የቆየ ስም አለው፤ እርሱም ዘረፋ ነው። ባለ ቅኔ ቅኔ «ይዘርፋል» ይባላል። የሚዘረፍ ሀብት ደግሞ አስቀድሞ የተከማቸ መሆን አለበት።

ክምችቱ የሚገኘው ከጉባኤ ቤት ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በዋድላ ትምህርት የገባ የቆሎ ተማሪ፣ ለምኖ ባገኘው ኩርማን እንጀራ እየኖረ ግሱንና አገባቡን ያጠናል። ቀን ከሰው ተገልሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል፣ አንዳንዴም ይጥልበታል። 2 ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ 8 ቤት እስካለው መወድስ ይዘልቃል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል። በበዓል ቀን በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ሰሙንና ወርቁን ሲያስማማ ድንገት የመጣለት የሚመስለው፣ ድካሙን ላላየ ሰው ብቻ ነው።

ባለ ቅኔው ሐረግ በሐረግ ሲናገር መሪው እየተቀበለ በዜማ ያሰማል። በጠጅ ቤትም አድማጩ ግጥም አውጥቶ «ተቀበል!» ሲል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ካህኑና አዝማሪው ብዙ ባይዋደዱም፣ በዚህ አሠራራቸው ዘመዳሞች ናቸው።

ሦስተኛው መድረክ ችሎት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የልደታ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ግንቦት 1 ቀን በዓሏ ይከበራል። ዛሬ «ልደታ» ሲባል ግን ለብዙ ባለጉዳይ ቀድሞ የሚታወሰው ፍርድ ቤቱ ነው። በጥንቱ በልሃ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው በግጥም፣ በምሳሌና በውርርድ ይከራከሩ ነበር። የባላጋራን ቃል ሰምቶ እዚያው በተሰናኘ ንግግር መመለስ ያልቻለ፣ እውነት ቢኖረውም ሊረታ ይችል ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ክሱንና መልሱን በጽሑፍ አደረገው። ለአንደበተ ኮልታፋው ይህ ትልቅ ዕፎይታ ነበር፤ ለንግግር ጥበብ ግን ጉዳት ነው፤ ተራው ገበሬ ሳይቀር ሰው ፊት ቆሞ አንደበቱን ይስልበት የነበረ መድረክ ተዘግቷልና።

በልደታ ችሎት ጠበቃው ዛሬ መዝገቡን ገልጦ ይናገራል። በቅኔ ማኅሌቱ ግን ባለ ቅኔው እስከ ዛሬ ወረቀት ሳይዝ መዝረፉን ቀጥሏል፤ ያንኑ ቅኔ በሌላ በዓል ደግሞ ማቅረብም ለሊቅ ነውር ነው።