ሒሳቡ ልክ ነበር

ሴክተር ሪቪው፣ ያ የንጉሡ ዘመን የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ ሲባል የእኔ ዘመን ሰው ዛሬም ፊቱ ይኮሳተራል። የድሃ ልጅ እንዳይማር የተዶለተ ሴራ ነበር ይላል። የየካቲት 66ን አብዮት ካፋፋሙት ነገሮች አንዱ ስለሆነ እንዲያ መታወሱ አይገርምም። እኔ ግን የሥራ ዘመኔን በፕላን ክፍል የሰው ኃይል ሠንጠረዥ ስደምርና ስቀንስ የጨረስኩ ሴት ነኝና ነገሩ እንደዚያ አይታየኝም። ሒሳቡን ደጋግሜ ባየው ያን ያህል የሚነቀፍ አይደለም። አጥኚዎቹ የረሱት ድሃውም ሒሳብ እንደሚያውቅ ነው።

ጣሊያን ሲወጣ አገሪቱ የተማረ ሰው አልነበራትም ማለት ይቻላል። ከወረራው በፊት ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በየካቲት 1929 የግራዚያኒ ፍጅት ጊዜ ተለቅመው አልቀዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሞካከረ ሁሉ ቀጥታ ወደ መንግሥት ቢሮ ነበር የሚገባው። ወላጅ ልጁን ለአስኳላ አልሰጥም ስላለ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ምግብም ልብስም እየቻለ ነበር የሚያስተምረው። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ፤ አሁን ለልጁ ቦታ ለማግኘት ደጅ የሚጠናው ወላጁ ሆነ።

በግንቦት 1953 የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተደርጎ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1980 ድረስ የአህጉሩ ልጅ ሁሉ አንደኛ ደረጃ ይማራል ተብሎ ተወሰነ። ያ ጊዜ የሰው ኃይል ፕላን የተባለው ጥበብ የደራበት ጊዜ ነው። ፍሬድሪክ ሀርቢሰን የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ለናይጄሪያው የአሽቢ ኮሚሽን በሠራው ጥናት ስሙ ገንኖ ነበር። አሠራሩ ለማንም ይገባል፦ ኢኮኖሚው በዚህ መጠን ካደገ ስንት መሐንዲስ፣ ስንት ነርስ፣ ስንት መምህር ያስፈልጋል? ያለውን ከዚያ ላይ ቀንስ፤ ልዩነቱን ለትምህርት ቤቶች አስታውቅ። እኛም ከዓመታት በኋላ የሠራነው በዚሁ ነው።

በጥቅምት 1964 የተጀመረው ሴክተር ሪቪው ይህን መንገድ ይዞ ተነሣ። የዩኔስኮና የዓለም ባንክ እጅ ነበረበት፤ ከአገር ውስጥም የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የየሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ተሳትፈዋል። ያገኙት ደስ የሚል አልነበረም። ለትምህርት ከደረሱ አምስት ልጆች አንዱ እንኳ በቅጡ ትምህርት ቤት አይገባም፤ የሚገባውም በብዛት የከተማ ልጅ ነው፤ 12ኛ ክፍል ደርሶ የሚወጣው ደግሞ ሥራ ማጣት ጀምሯል፤ ምክንያቱም ዋናው ቀጣሪ መንግሥት ነው፣ የመንግሥት ወንበር ደግሞ እየሞላ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ታች ይውረድ፣ ለአብዛኛው ልጅ የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይሰጥ፣ ከዚያ በላይ የሚያልፈው በልክ ይሁን አሉ። ትምህርት ላልደረሳቸው ወጣቶችና ጎልማሶች አጠር ያለ ትምህርት፣ ለገጠሩም የእጅ ሥራና የእርሻ መለማመጃ ቦታ አሰቡለት። ወረቀቱ ላይ ሳየው ከነበረው ሥርዓት ይልቅ ለገበሬው ልጅ የሚያደላ ነው።

ግን አራት ዓመት ተምሮ ምን ሊሆን?

ያኔ ደብረ ብርሃን የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እማዬ ጠላ ትሸጥ ነበር። በሰፈራችን የመጀመሪያው ቆርቆሮ ቤት የአንድ ድሬሰር፣ የጤና ረዳት፣ እናት ቤት ነው። ልጃቸው ድሬሰር ሆኖ በተቀጠረ በዓመቱ የሣሩን ክዳን አስነሥቶ ቆርቆሮ አስመታላቸው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጩኸቱ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል፤ እማዬም ድፍድፉን እያማሰለች ወደዚያ ታያለች። የእሷ የሰው ኃይል ጥናት ይኸው ነበር። የጥናቱ ወሬ ሰፈር ሲደርስ፣ ከገበያ ሲመለስ እኛ ቤት ጎራ የሚል አንድ ገበሬ፣ «ለማረሻማ ምን ተማሪ ቤት ያስኬደዋል? እኔው አስይዘው የለም ወይ?» አለ። እማዬ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም።

ስለዚሁ ነገር ፊሊፕ ፎስተር የተባለ ምሁር በ1960ዎቹ አጋማሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ጋና ጽፏል። ቅኝ ገዢዎቹ የእርሻና የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ወላጆች ፊታቸውን ያዞሩት ሥራ ንቀው አይደለም፤ የተሻለ የሚከፈለው ጸሐፊ መሆኑን ስላዩ ነው። ሥርዓተ ትምህርቱን ብትቀይር ደመወዙ እስካልተቀየረ ድረስ የወላጅ ሐሳብ አይቀየርም ነው የሚለው። የእኛ አጥኚዎች ይህን አላነበቡም አልልም፤ በሰነዱ ግን ብዙም አይታይም።

ከዚህ የባሰው ግን መደበቁ ነው። ጥናቱ በ1964 ክረምት ቢያልቅም ሕዝብ እጅ ሳይደርስ ከዓመት በላይ ተቀመጠ። ደመወዛቸውና እድገታቸው ያሳሰባቸው መምህራን ጥናቱ ሥራ ላይ ሊውል ነው ሲባል ቀድመው ተነሡ፤ ወላጅም በዋናው ሰነድ ሳይሆን በጭምጭምታ ፈረደ። የካቲት 11 ቀን 1966 የመምህራን አድማ ተጀመረ። የቤንዚን ዋጋ ያስመረራቸው ባለታክሲዎችም አብረው ቆሙ። መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀነሰ፣ ጥናቱንም ለሌላ ጊዜ አሳደረው፤ ነገር ግን አልበረደም። በዚያው ወር የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ።

ደርግ ሴክተር ሪቪውን እየረገመ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ግን በየአውራጃው የማኅበረሰብ ክህሎት ማሠልጠኛ ጣቢያ ሲከፍት፣ ከተረገመው ሐሳብ አንዱን መጠቀሙን አንሥቶ የተናገረ አላጋጠመኝም።

እኔም ተመርቄ ፕላን ሥራ የገባሁት በዚያ ዘመን ነው። ምሩቅ ሥራ አይፈልግም፤ ይመደባል። መምህሩም ሐኪሙም ዕጣ አውጥቶ ወደ ደረሰው ክፍለ አገር ይሄዳል። ከየመሥሪያ ቤቱ «የሰው ኃይል ፍላጎት» የሚል ቅጽ በካርቦን ተባዝቶ ይመጣልን ነበር። ሙያ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ብዛት የሚሉ አምዶች ነበሩት። የበላይ አካል ሲቆጣ ብዛቱ ይጨምራል፤ በጀት ሲጠብ ያለፈው ዓመት ቁጥር በአዲስ ቀለም ተገልብጦ ይመለሳል። ለሠራተኛው ምን ይከፈለዋል፣ ቦታውንስ ስንት ሰው ለቆታል የሚል አምድ አልነበረውም። አገር ጫፍ የተመደበው የእርሻ ባለሙያ በሁለተኛው ዓመት ዝውውር ሲጠይቅ፣ በእኛ ሠንጠረዥ ያ ቦታ እንደ ሞላ ነው።

ከ1983 በኋላ ምደባው ለአብዛኛው ምሩቅ ቀረ፤ የቁጥር ፍቅሩ ግን አልቀረም። 10ኛ ክፍል ከጨረሱት 80 ከመቶው ቴክኒክና ሙያ፣ 20 ከመቶው መሰናዶ ይግባ ተባለ። ዩኒቨርሲቲ የሚገባውም 70 ከመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ ይሁን ተባለ። ዩኒቨርሲቲዎቹም ከሁለት ተነሥተው ከአርባ በላይ ሆኑ። ወላጅም እንደ ለመደው የራሱን አሰላ፦ ቴክኒክና ሙያ የወደቀ ልጅ የሚሄድበት ነው። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የሚያነጥፍ ወጣት ሲያይ ደግሞ አንዳንዱ ቤት ሴት ልጁን ከ8ኛ ክፍል አስወጥቶ ዓረብ አገር ላከ። ይህን ስንፍና የሚሉት አሉ። እኔ ግን ሪያልና ብር አስተያይቶ የተሠራ ሒሳብ ነው እላለሁ፤ ዋጋውን የምትከፍለው ልጅቷ ብትሆንም።

የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2011 በኋላ ተነሣ። ስለዚህ ማጣሪያው ወደ 12ኛ ክፍል ተገፋ። በ2014 ፈተና ከ100 ተፈታኝ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ለቀሩት ሪሜዲያል የተባለው መርሐ ግብር የተዘጋጀው ውጤቱ ከታየ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ለሁሉም አልተዳረሰም።