ትርጉሙ በጽሑፍ የተወሰነለት የኮምፒዩተር ቋንቋ

ሰው ከሰው ጋራ ሲነጋገር ነገሩ ቢያደናግረው መልሶ ይጠይቃል። ኮምፒዩተር ግን የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽም መሣሪያ ስለ ሆነ፣ የሚታዘዝበት ቋንቋ ትርጉሙ አስቀድሞ በትክክል መወሰን አለበት። ስለዚህ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ሊስፕና ስኪም የተባሉት ቋንቋዎች እንዴት እንደ ተወሰኑ በአጭሩ ልንተርክ አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ጆን ማካርቲ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ሊስፕን መንደፍ የጀመረው በ1958 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። በዚህ ቋንቋ ትእዛዝ ሁሉ በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል፤ የሚሠራውም ነገር ይቀድማል። በአማርኛ ብንመስለው (ደምር 2 (አባዛ 3 4)) ማለት 14 ነው። ማካርቲ በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ማናቸውም የሊስፕ ትእዛዝ ሲሰጠው ውጤቱን የሚያገኝ አንድ ደንብ በዚያው በሊስፕ ጻፈ። ደንቡን ያሰበው ለንባብ ነበር፤ ባልደረባው ስቲቭ ረስል ግን ወደ መኪናው ቋንቋ መልሶ በአይ.ቢ.ኤም. 704 ላይ አሠራው። በወረቀት የነበረው ትርጉም ራሱ ሠራተኛ ሆነ።

ነገር ግን ጉድለት አልታጣበትም። ከመርሳ ወደ ወልድያ «በገበያችን እንገናኝ» ብለን ደብዳቤ ብንልክ፣ የተባለው ገበያ ደብዳቤው የተጻፈበት የመርሳው ነውን ወይስ የተነበበበት የወልድያው? የቀድሞው ሊስፕ ስምን የሚተረጉመው በተነበበበት ቦታ ስለ ነበረ፣ አንዱ ስም ሳይታሰብ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። በ1975 ጄራልድ ሰስማንና ገና ተማሪ የነበረው ጋይ ስቲል ስኪምን ሲያወጡ፣ ስም ሁሉ በተጻፈበት ቦታ ያለውን ትርጉም እንዲይዝ ወሰኑ።

ስኪም በየትምህርት ቤቱ በተስፋፋ ጊዜ ደግሞ እንደየአገሩ ቀበልኛ ተለያየ፤ የአንዱ ተማሪ የሌላውን ጽሑፍ ለማንበብ ተቸገረ። ስለዚህ በ1984 15 ተወካዮች ተሰብስበው መከሩ፤ በ1986 በወጣው መግለጫም የቋንቋው ትርጉም በሒሳብ ምልክት ጭምር ተጻፈ። በ1990 ዓለም የሚያውቀው መደበኛ ደንብ ወጣለት።

ይህ ለእኛ ምን ይረባናል? በ2013 በአዲስ አበባ አይኮግ ላብስ የተባለ ድርጅት ተቋቁሞ፣ ወጣት ኢትዮጵያውያን ስኪም በሚሠራበት ኦፕንኮግ በተባለው ሥራ ተካፍለዋል። የእርሱ ተከታይ በሆነው ሥራ የተነደፈው ሜታ የተባለው ቋንቋም እንደ ሊስፕ በቅንፍ የሚጻፍ ሲሆን፣ አሠራሩን በሒሳብ የሚወስን ጽሑፍ በ2023 ወጥቶለታል።

ትርጉሙ በወረቀት የተጻፈ ቋንቋ የባለ መኪናው ብቻ አይደለም። መሣሪያው ባይደርሰን እንኳ ደንቡን ከፊታችን አድርገን፣ ቅንፍ በቅንፍ እየፈታን፣ መኪናው የሚሰጠውን መልስ በእርሳስ ልናገኝ እንችላለን። በመርሳ የተገኘውም 14 በቦስተን ከተገኘው 14 አይለይም። እንግዲህ ታናናሾቻችን ሆይ፣ መሣሪያ የለንም ብላችሁ ትምህርቱን አታቈዩት።