ግዮን ከባሕር በሚጋጠምበት ሥፍራ

ፈለገ ግዮን፣ ማለትም ዐባይ፣ ምድረ በዳውን አቋርጦ፣ ከካይሮ በታች ለሁለት ተከፍሎ፣ በረሺድና በደምያጥ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን በሚገባበት ሥፍራ፣ ጥዑሙ ውኃና ጨዋማው ባሕር ከጥንት ጀምሮ ሲገፋፉ ኖረዋል። ምልአቱ አልፎ የወንዙ ኃይል በደከመ ጊዜ ባሕሩ ሽቅብ ወጥቶ መጠጡንና መስኖውን እንዳያመርረው፣ የመስኖ ሹማምንት በሁለቱ አፎች አቅራቢያ በየዓመቱ የአፈር ግድብ ያስገድቡ ነበር፤ ዐባይ ደፍርሶ ሲደርስም ያንኑ አፍርሰው ጎርፉን ወደ ባሕር ይለቁታል። ይህ ሠርቶ ማፍረስ ለሚያየው ከንቱ ድካም ቢመስልም፣ የወንዙን ጠባይ ጠንቅቆ ያወቀ ታላቅ ጥበብ ነበር። በረሺድ በኩል እ.ኤ.አ. በ1951 በአፈሩ ግድብ ምትክ የኢድፊና ቋሚ ግድብ ተሠራ።

የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ከሰኔ 12 ቀን ጀምራ ስለ ወንዞች ውኃ መጸለይዋም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኛ ኢትዮጵያውያን ቅዱስ ሚካኤልን በምናከብርበት በዚያው ቀን፣ በደጋችን የሚጀምረው ዝናም የግብፅን ሕይወት ተሸክሞ ይወርዳልና። ጎርፉ ይዞት የሚሄደው ደለል የባሕሩን ዳርቻ ሲያጸና፣ ለምነቱ ደግሞ በመከር ወራት የሰርዲንን መንጋ ወደ ወንዙ አፍ ይጠራ ነበር። የአስዋን ታላቅ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ወንዙን ከዘጋ በኋላ ግን ደለሉ ከኋላው ቀረ፤ በ1962 18,000 ቶን ያህል የነበረው የሰርዲን ምርት በ1968 ወደ 500 ቶን ገደማ ወረደ፤ የረሺድም አፍ በማዕበል እየተበላ በብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ሸሸ።

ያ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ድርቅ ግብፅን ከጥፋት መታደጉን የሚክድ ሰው ግፍ ይሠራል። ነገር ግን ደለል ያጣው ምድር ዝቅ ሲል፣ የአየሩ ሙቀት በረዶውን እያቀለጠ፣ ውኃውንም እያሰፋ፣ እ.ኤ.አ. ከ1900 ወዲህ የዓለምን ውቅያኖስ በአማካይ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎታል፤ የሚመልሰው ጎርፍ ያጣው ባሕርም ዛሬ ከምድር በታች ሠርጎ የጉድጓዱን ውኃ ያመርራል። በሰሜኑ ዴልታ ያለው ገበሬ ጨውን ለማጠብ ሩዝ ዘርቶ ማሳውን በውኃ ያጥለቀልቃል፤ ይህም ራሱ ብዙ ጥዑም ውኃ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ ውኃ ባነሰበት ዓመት ሩዙ ሲከለከል ጨው ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል።