ተለዋጭ መንገድ፤ ከምድር ባቡር እስከ ኢንተርኔት

በጅቡቲ ከተማ፥ በካርቲየ 4 የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ላለ ወንድሙ በኢንተርኔት መልእክት ሲልክ፥ መልእክቱ በየት በኩል እንደሚያልፍ አያስብም። መሥመሩ ሲቆረጥ ግን ወዲያው ይታወቀዋል። የተቆረጠ መንገድ በምን ይተካል? የሚለው ጥያቄ ግን ከኢንተርኔት በፊትም የነበረ፥ በአካባቢያችን ታሪክ ደጋግሞ የተነሣ ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፥ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በ1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ሐዲዱ ሲቋረጥ የአገሪቱ ዕቃ በአሰብ በኩል አለፈ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሸክሙ ወደ ጅቡቲ ዞረ። በሁለቱም ጊዜ ችግሩን ያቃለለው፥ ሁለተኛው መንገድ አደጋው ከመድረሱ በፊት ተሠርቶ መቆየቱ ነው።

የኮምፒዩተር መረብ ሊቃውንትም ወደዚሁ ትምህርት የደረሱት በየደረጃው ነው። ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ አጭሩን መንገድ የሚያሰላ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1959 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1979 አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ መረብ ይህንኑ ስሌት ሥራ ላይ አዋለ። በዚህ አሠራር መልእክት የሚያስተላልፈው እያንዳንዱ ራውተር የራሱን መሥመሮች ሁኔታ ለሌሎቹ ሁሉ ያሳውቃል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ካርታ ይይዛሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ አጭሩን መንገድ ለራሱ ያሰላል።

ጉድለቱ የሚታየው መሥመር በተቆረጠ ጊዜ ነው። ወሬው ለሁሉም እስኪዳረስና ስሌቱ እንደገና እስኪሠራ ድረስ መልእክት ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ራውተር በደኅናው ጊዜ ተለዋጭ ጎረቤት መርጦ እንዲጠብቅ የሚያደርግ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። ይህ ዝግጅት ሲኖር መልእክቱ በሺዎች የሚቆጠሩ የሰኮንድ ክፍልፋዮች ሳያልፉ፥ በሃምሳ ሚሊ ሰኮንድ ገደማ መንገዱን ሊቀይር ይችላል።

ነገር ግን ማንኛውም ጎረቤት ለተለዋጭነት አይበቃም። ለትምህርት ያህል ቁጥር ሰጥተን እንመልከት። ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል እስከ አዲስ አበባ 10፥ ከጅቡቲ እስከ ሚሌ 5፥ ከሚሌ በቀጥታ እስከ አዲስ አበባ 12 ይሁን። የድሬዳዋው መሥመር ቢቆረጥና ሚሌ ገና ወሬውን ባይሰማ መልእክቱን ወዴት ይልከዋል? ወደ ጅቡቲ ቢመልሰው 5 እና 10፥ በጠቅላላው 15 ይሆንበታል። 12 ከ15 ስለሚያንስ በቀጥታ ይልከዋል። የሚሌው ቀጥታ መንገድ 20 ቢሆን ኖሮ ግን መልሶ ወደ ጅቡቲ ይልከው ነበር፤ መልእክቱም በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይቀራል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ ጎረቤቱ ወደ መድረሻው ያለው ርቀት፥ በእኛ በኩል ዞሮ ከሚደርስበት ርቀት ያነሰ መሆን አለበት። ይህን የሚያሟላ ጎረቤት ከሌለ ሌላ መሥመር መጨመር ወይም ሌላ ዘዴ መፈለግ ያስፈልጋል።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ስሌቱ ካርታውን እንጂ ባሕሩን አያይም። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ሲኮም፥ ኤ.ኤ.ኢ. 1 እና ኢ.አይ.ጂ. የተባሉት ሦስት ገመዶች ተጎዱ። ለጉዳቱ ምክንያት የሆነው በሁቲዎች ተመትቶ ይንሳፈፍ የነበረው ሩቢማር የተባለ መርከብ መልሕቅ ሳይሆን እንዳልቀረ ይታመናል። ሦስቱ ገመዶች በካርታ ላይ ሦስት መንገዶች ናቸው፤ በባሕሩ ወለል ላይ ግን በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ያልፉ ነበር። ጅቡቲ ግን በአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ እስከ ደቡብ አፍሪካ ከሚወርደው ኢሲ ከሚባለው ገመድ ጋርም የተያያዘች ናት። ለሰሜኑ መሥመር እውነተኛ ምትክ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ያለው አቅጣጫው የተለየ መንገድ ነው።

መምህራን ይህን ምሳሌ በሒሳብም ሆነ በታሪክ ክፍለ ጊዜ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ተማሪዎች የአካባቢያቸውን መንገዶች በወረቀት ላይ ይሣሉ፤ ርቀቱን ይጻፉ፤ አንዱን መሥመር ሰርዘው ምትኩን ይፈልጉ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ ሁለቱ መንገዶች የሚሻገሩት በአንድ ድልድይ ላይ ቢሆንስ?