ከልቃቂት እስከ ኪሮሽ፦ በእናቶቻችን እጅ የተጻፈ ታሪክ



የአንድ ማኅበር ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ማን ሊቀ መንበር ነበር፣ መዋጮው ስንት ነበር፣ ስብሰባው የት ይደረግ ነበር የሚለው ነው። ይህ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ስለ ተመዘገበ የሚጠፋ አይደለም። ነገር ግን በቃለ ጉባኤ ያልተጻፈ፣ ከብዙዎቻችን ቤት ግን የማይታጣ ሌላ ታሪክ አለ። ማኪንድዬ ውስጥ ወደ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ሳሎን ስንገባ በቴሌቪዥኑ ላይ፣ በሶፋው መደገፊያ ላይ ወይም በቡፌው ላይ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎ እናያለን። «ማን ሠራው?» ብለን ብንጠይቅ የምናገኘው መልስ የሰው ስም ነው። ባለስሟም አብዛኛውን ጊዜ ዛሬ ካምፓላ የለችም፤ ወይ አገር ቤት ናት፣ ወይ ወደ ሌላ አገር ተሻግራለች፣ ወይም በሕይወት የለችም።

ይህ አጭር ጽሑፍ ያ ዳንቴል፣ የሕፃን ቆብና ሹራብ ከየት እንደ መጡና እንዴት የእኛ እንደ ሆኑ ለማስታወስ የቀረበ ነው። በተለይም እዚህ ተወልደው ለሚያድጉ ልጆቻችን ይጠቅማል ብለን እናምናለን። (በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ከኪሮሽ በፊት፦ ፈትል

ኪሮሽ ወደ አገራችን ከመግባቱ በፊት እናቶቻችን ለሚወዱት ሰው የሚሰጡት ትልቁ የእጅ ሥራ ፈትል ነበር። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ከዚያም በእንዝርት እየተፈተለ በልቃቂት ይጠቀለላል። ለድር የሚሆነውና ለማግ የሚሆነው ተለይቶ ይፈተላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከወጥና ከእንጀራ፣ ከውኃና ከእንጨት በተረፈ ሰዓት ነው፤ በመሆኑም ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል ለማዘጋጀት ወራት ይፈጃል። ብርድ በሚበረታበት በመንዝ ደግሞ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና ይሠራበታል።

በልማድ ፈታይዋ ሴት፣ ሸማኔው ወንድ ነው። ሆኖም ጋቢውን ሸማኔ ቢሠራውም ልጁ «የእናቴ ጋቢ» ነው የሚለው። የሸማኔው ዋጋ ተከፍሎ አልቋል፤ የማያልቀው እናቱ እሱን እያሰበች እንዝርት ስታሾር የቆየችበት ጊዜ ነው። ለትዳር፣ ለመንገድ፣ ለአራስ ቤት በክር የተሠራ ነገር ይዞ መሄድ እንግዲህ ከዳንቴል በፊት የነበረ ልማዳችን ነው።

ስሞቹ የሚናገሩት

ዳንቴልና ሹራብ ግን ከውጭ የመጡ ናቸው። ይህንንም ስሞቻቸው ይመሰክራሉ። «ዳንቴል» የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን «ጥርስ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ጠርዙ እንደ ትንንሽ ጥርስ ስለሚታይ ነው። «ኪሮሽ»ም በፈረንሳይኛ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። «ሹራብ» የሚለውን የሚመስል ቃል ደግሞ በግብፅና በሱዳን ዐረብኛ ውስጥ አለ፤ እነሱ ግን የሚጠሩበት እኛ ካልሲ የምንለውን ነው። ካልሲ ራሱ ከጣሊያንኛ የወሰድነው ቃል ነው።

የሁለቱ ሙያዎች ዕድሜም የተለያየ ነው። በሁለት ወይም ከዚያ በላይ በሆኑ መርፌዎች ብዙ ቀለበቶችን አንድ ላይ ይዞ የሚሠራው የሹራብ ሥራ ጥንታዊ ነው። በግብፅ ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ፣ በነጭና በሰማያዊ ጥጥ ያጌጡ ካልሲዎች ተገኝተዋል። በአንድ መንጠቆ አንድ ቀለበት ብቻ ይዞ የሚሠራው ኪሮሽ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። በመጽሔት ታትሞ የወጣ የመጀመሪያው የኪሮሽ ንድፍ ተብሎ የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ1823 በኔዘርላንድ የታተመው ነው። እንግዲህ የኪሮሽ ዳንቴል በአውሮፓም ቢሆን የሁለት መቶ ዓመት ያህል ታሪክ ብቻ ያለው ነው።

ይህ ሥራ ከስደት ጋር የተገናኘው ገና ከጥዋቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 በአየርላንድ የድንች ሰብል በበሽታ ጠፍቶ ታላቅ ረኃብ በሆነ ጊዜ የገዳም እኅቶች ለችግረኛ ሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል ሥራ አስተማሩ። ሴቶቹም ዳንቴሉን እየሸጡ ቤተሰባቸውን አተረፉ፤ ለመርከብ መሳፈሪያ አጠራቅመው ወደ አሜሪካ የተሻገሩም ነበሩ። የኪሮሽ መርፌ ለተሰደደ ሰው የሚመች መሣሪያ ነው። በኪስ ይገባል፣ ፍተሻ ላይ አይወሰድም፣ ክር በተገኘበት ሁሉ ይሠራል።

ወደ እኛ የገባበት በር

በኢትዮጵያ ሙያው የተስፋፋው በአብዛኛው በሴቶች ትምህርት በኩል ነው። በሚሲዮን የሴቶች ትምህርት ቤቶች ከንባብና ከጽሕፈት ጋር የመርፌ ሥራ ይሰጥ ነበር። በ1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1931) የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በእቴጌይቱ ስም የተሰየመ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም በኋላ ተቋቁሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የፋሺስት ጦር ሊወር በተዘጋጀ ጊዜ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነትና በልዕልት ፀሐይ ተሳትፎ የተቋቋመው የሴቶች ማኅበር ለዘማቹ የቁስል ማሰሪያና ልብስ፣ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብልም ሳይቀር አዘጋጅቷል። መርፌ የያዘች እጅ በችግር ጊዜ ምን እንደምትሠራ ያኔ ታይቷል።

ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቶች በየአውራጃው ሲከፈቱ «የእጅ ሥራ» የሚባለው ክፍለ ጊዜ ለብዙ እናቶቻችን የመጀመሪያው የኪሮሽ ትምህርት ቤታቸው ሆነ። ከዚያ ወዲያ አስተማሪ አላስፈለገም፤ እኅት ከእኅት፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተማረች ተዛመተ። ከሬዲዮው ልብስ እስከ አልጋው ልብስ፣ ከትራስ ጠርዝ እስከ ረከቦቱ መሸፈኛ ድረስ ዳንቴል ያልገባበት የቤት ዕቃ አልነበረም። ከዚያም አልፎ ወደ ቀድሞው የስጦታ ልማድ ገባ። አራስ ጥየቃ የምትሄድ ሴት ከገንፎው ቅቤ ጋር የሕፃን ቆብና ካልሲ ይዛ ሄደች፤ ሙሽራ ስትዳር ጓደኞቿ የሠሩላትን የጠረጴዛ ልብስ ይዛ ወጣች። ትናንት የመጣ እንግዳ ሥራ በአንድ ወይም በሁለት ትውልድ ውስጥ ቤተኛ ሆነ።

በክር የተሠራ ስጦታ ለተቀባዩ ምን ማለት እንደ ሆነ በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ነው። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጅናልድ ሃምሊን ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር፤ ሆስፒታሉን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በወሊድ ጉዳት ምክንያት ከባልና ከጎረቤት ተገልለው የኖሩ እኅቶች እዚያ ሲታከሙ በባለ ብዙ ቀለም የሱፍ ክር የተሠራ ሻል ደርበው ይታያሉ። ተራቸውን ሲጠብቁና ሲያገግሙ ራሳቸውም ሹራብ መሥራት ይማራሉ። ከአውስትራሊያ ጭምር የማያውቋቸው ሴቶች አራት ማዕዘን ቁራጭ እየሠሩና እየገጣጠሙ ልከውላቸዋል። ሰው የሸሻትን ሴት አንድ የማታውቃት ሴት አስባ ሠርታ ስትልክላት፣ ስጦታው ከብርድ ከማዳኑም በላይ ነው።

በኡጋንዳ የጠበቀን

ወደ ካምፓላ ስንመጣ የማናውቀው አገር ውስጥ የምናውቀው ነገር አገኘን። የኡጋንዳ ጎረቤቶቻችን ሳሎን ውስጥም ወንበሩና ጠረጴዛው በኪሮሽ ሥራ የተሸፈነ ነው። በሉጋንዳ «ኢቢታምባላ» ይሉታል። ምንጣፍ መሥራትንም ሆነ ፀጉር መጎንጎንን በአንድ ቃል «ኦኩሉካ» ይላሉ። ከእናቶቻችን መካከል ሉጋንዳ ሳይችሉ፣ እንግሊዝኛም ሳይችሉ ከጎረቤት ሴት ጋር የተግባቡት በረንዳ ላይ ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን ንድፍ እየቆጠረች ነው።

ታሪኩም ከእኛ ጋር ይመሳሰላል። ከካምፓላ በስተ ሰሜን የሚገኘው የጋያዛ የሴቶች ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 በሚሲዮናውያን ሲመሠረት ከትምህርቱ አንዱ የመርፌ ሥራ ነበር። ዛሬ የቡጋንዳ ሴቶች የክብር ልብስ የሆነው ጎሜሲም፣ እንደሚነገረው፣ ለዚሁ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጎሜስ በሚባል የጎዋ ተወላጅ ልብስ ሰፊ የተዘጋጀ ነው። በዚሁ በማኪንድዬ ክፍል ከተማ በንሳምብያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1903 አየርላንዳዊቷ እናት ኬቪን ከአምስት እኅቶች ጋር መጥተው በአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ሕክምና ጀመሩ፤ ከማኅበራችን ልጆች ብዙዎቹ የተወለዱበት የንሳምብያ ሆስፒታል መነሻ ይህ ነው። ጎሜሲ ለባጋንዳ፣ ዳንቴል ለእኛ፤ ሁለቱም ከውጭ መጥተው ዛሬ ያለ እነሱ ሠርግ የማይታሰብ ሆነዋል።

በእኛ መካከል

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ካምፓላ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። የክረምቱ ብርድ ስለሌለ የሱፍ ሹራብ እዚህ እምብዛም አያስፈልግም። ቢሆንም ሥራው አልቀረም፤ መልኩን ለወጠ። ክሩ ከሱፍ ወደ ጥጥ ዞረ፤ ኦዊኖ ከምንለው ከቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ ወይም ከኪኩቦ ተገዝቶ ይመጣል። የሚሠራውም ትንንሽ ነገር ሆነ፦ የሕፃን ቆብና ካልሲ፣ የሲኒ ማስቀመጫ፣ የትሪ ልብስ፣ የስልክ መያዣ። ትንሽ የሆነበት ምክንያት አለው። ከእኛ ቤት የሚወጣ ስጦታ በሰው እጅ የሚላክ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ሞልቷል፤ ዳንቴል ግን በልብስ መካከል ተጣጥፎ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ይህ ሥራ በእኛ ዘንድ የመለያያ ስጦታ ሆኗል። ካባላጋላም ሆነ ካንሳንጋ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው ብዙ ሰው እዚህ የመጣው ለመቆየት አስቦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግ የመሥራትና የመዘዋወር መብት ሰጥቶ ኑሮን ቢያቀልልንም፣ ፕሮሰሱ የተሳካለት ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳል። አብረን ዕድር የተዋጣን፣ ቡና የተጠራራን፣ ልጅ ያጠመቅን ሰዎች በአንድ ሳምንት ማስታወቂያ ተሰናብተውን ይሄዳሉ። የምትሄደዋ ሴት ለቀሪዎቹ አንድ አንድ ዳንቴል ትታ መሄዷ፣ የሚቀሩትም ለእሷ ሠርተው መስጠታቸው የተለመደ ሆነ። እንግዲህ በየሳሎናችን የተነጠፈው የአባላት መዝገብ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሳይረሳ

ለዚህ ኢዮቤልዩ ዝግጅት ስንነሣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በገዛ ቤቱ ያለውን አንድ የቆየ ዳንቴል አንሥቶ ማን እንደ ሠራው ጠየቀ። ባለቤቱ አንድ ስም ጠራች፤ አማቱ ሌላ ስም ጠሩ፤ ልጆቹ ከሱቅ የተገዛ መስሏቸው ነበር። ሠሪዋ ማን እንደ ነበረች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስንት ሌሊት መብራት በጠፋበት በሻማ እንደ ተቀመጠችበት ግን ክሩ ራሱ ይናገራል። በሰውየው ላይ የወደቀው ኀፍረት ይህን ጽሑፍ እንዲጽፍ ምክንያት ሆኖታል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት ሦስት ነገር በትሕትና እናሳስባለን። አንደኛ፣ በቤታችን ያለውን እያንዳንዱን የእጅ ሥራ አንሥተን ማን እንደ ሠራው፣ ለማን እንደ ተሰጠና ዓመቱን በትንሽ ጨርቅ ላይ ጽፈን በጀርባው እንስፋው። የምናስታውስ ሰዎች ሳለን ዛሬ ይደረግ። ሁለተኛ፣ በበዓሉ ቀን እነዚህ ሥራዎች ከነስማቸው በአዳራሹ ይታዩ። ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ጊዜ ሙያው ያላቸው እናቶች ልጆቻችንን፣ ወንዶችንም ሳይጨምር አይቅር፣ ያስተምሩ። ኪሮሽ ስትማር አማርኛም ትማራለች፤ አክስቷ ክሩን እየቆጠረች የምትነግራትን ታሪክ መስማቷ አይቀርምና።

ልጆቻችን የእኛን ዳንቴል በቡጋንዳ ንድፍ ቢሠሩት፣ የሚያደርጉትም ለኡጋንዳዊ ጓደኛቸው ልጅ ቢሆን ቅር ሊለን አይገባም። አያቶቻችንም የተቀበሉት ከባዕድ ነበር፤ የራሳቸው ያደረጉት ለሚወዱት ሰው ስለ ሠሩበት ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። ይህን ማኅበር እስከ ዛሬ ካያያዙት ድሮች ብዙዎቹን የፈተሉት ስማቸው በቃለ ጉባኤ ያልተጻፈ እናቶችና እኅቶች ናቸው። በሕይወት ላሉት ዕድሜና ጤና፣ ላለፉት ዕረፍተ ነፍስ፣ ርቀው ለሄዱት ሰላም ይስጥልን።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!